የጅራፍ ምት

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበትን ታክሲ አንድ የቤት መኪና ከኋላ ገጨው። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ገጪው ግን ወርዶ፣ "ምን ያቆማችኋል!" ብሎ አምባረቀ።

ክሊኒክ ውስጥ ማስታገሻው ዓለሙን ሁሉ ጥጥ አደረገባት። የሐኪሙ ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ "እህቴ፣ ይሄ ሕመም በውጭ ቋንቋ የጅራፍ ምት ይባላል። ጅራፍ ሲወነጨፍ ጫፉ ኋላ ቀርቶ ድንገት ይፈተለካል፤ አንገትሽም እንደዚያው ሆኖ ነው።"

አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ሳቀ። "እውነትም ጅራፍ! ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።"

"አታስቀኝ፣ ያመኛል" አለች፤ ግን ሳቀች። ዓይኗን ስትጨፍን አንገቷ ረጅም ልስልስ ክር ሆኖ በነፋስ ሲንሳፈፍ ታያት። ባሏ መዳፉን ከማጅራቷ ሥር አኖረላት፤ እሷም ቀስ እያለች እንቅልፍ ውስጥ ሰመጠች።