ከሟች ጋር የተቀበረ ግዝት

ናጂ የሚባል የየመን ሰው በቡሬ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር፣ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ቤት ሊከራይ መጣ። ዘመኑ ፲፱፻፶፮ ዓመተ ምሕረት፣ ወርኁም ጥር ነበር። ናጂ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይለይምና ጸሐፊው ውሉን ጮክ ብሎ አነበበለት። «ባለቤቲቱ ወይም ወራሾቿ በፈለጉ ጊዜ ተከራዩ ይለቃል» ከሚለው ሲደርስ ናጂ እጁን አነሣ።

«ይህ ይሰረዝልኝ። እኔ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ካስወጡኝ የት እገባለሁ?»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሳቁ። «አይ አንተ! ወረቀት ትፈራለህ? እሱ የጸሐፊዎች ልማድ ነው። እኔ ራሴን የማስረው ከወረቀት በሚጠና ነገር ነው።»

የንስሐ አባታቸውን መምሬ ክንፈሚካኤልን አስጠሩ። መምሬም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህን እንግዳ ከዚህ ቤት ብታስወጪ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘትሽ ሁኚ» አሏቸው። እማኞቹ ሁሉ «ከእንግዲህ ምን ቀለም ያሻል!» አሉ። በዚያ አገር በግዝት የታሰረን ቃል ደግሞ ይጻፍልኝ ማለት ባለ ቃሉን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ናጂ አፈረና አውራ ጣቱን በወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወይዘሮዋ ዐረፉ። ልጃቸው ይሄይስ ቤቱን ወረሰ። ለአንድ ጠጅ ነጋዴ ሊያከራየው ተስማምቶ ነበርና፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ናጂን «ልቀቅ» አለው። የናጂ ሚስት ሰልማ ወንድ ልጅ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ናጂ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ዳኛውም ወረቀቱን አንብቦ «ጣትህ ነው?» ሲለው «ነው» አለ። ነገሩ በዚያው አበቃ።

የቀረው መምሬ ዘንድ መሄድ ነበር። መምሬ ይሄይስን አስጠሩት።

«ልጄ፣ እናትህ የተገዘቱበት ቤት እኮ ነው።»

«ግዝቱ በእናቴ ላይ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ይዘውት ሄደዋል፤ በእኔ አንገት አላሰሩትም።»

«አራስ በዝናም ታወጣለህ?»

«እርስዎ ንባብ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ምን ይላል?»

መምሬ ቁጣቸውን መቻል አቃታቸው። «እንግዲያውስ አንተንም እገዝትሃለሁ!»

«የኔ ንስሐ አባት ያሉት ጅጋ ነው፤ እርስዎ በእኔ ላይ ምን ሥልጣን አለዎት? ደግሞስ ለእስላም ተብሎ ክርስቲያን ይገዘታል? ጉድ ነው!» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሐምሌ ሠላሳ ቀን ይሄይስ ሠራተኞች ይዞ መጣና የቤቱን ቆርቆሮ ከላይ ያስነቅል ጀመር። ጎረቤቶች ቢጮኹበት፣ «እኔ ሰው አላስወጣሁም፤ የምወስደው ቆርቆሮዬን ነው። መቀመጥ ከፈለጉ ይቀመጡ» አላቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናሙ በአልጋው ላይ ወረደ። የእስላሞቹ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር። ጎረቤቶቹ ያዝናሉ እንጂ በራቸውን የከፈተ አልነበረም።

መምሬ ክንፈሚካኤል ሰልማን በቃሬዛ አስይዘው ወደ ገዛ ቤታቸው አመጧት። ካህን ከአራስ ቤት ከገባ መቅደስ አይገባም። በክርስቲያን ቤት ይህ በክርስትና ቀን ያበቃል፤ ይህ ሕፃን ግን የማይጠመቅ ነው።

ባለቤታቸው ንግሥቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «መምሬ፣ ነገ ፍልሰታ ይገባል። መቼ ነው ተመልሰው የሚቀድሱት?» አሉ።

«አላውቅም። እሳቱን አንድጂ።»

እሳቱ ነደደ፤ ሕፃኑ ግን አልሞቀውም። ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ነበርና በፍልሰታ መጀመሪያ ሳምንት ሞተ። ወንዙ ጎደል ሲል ናጂ አቅፎት ተሻገረና ቀብሮት ተመለሰ። ከመምሬ አጠገብ ተቀምጦ፣ «አባቴ፣ ያን ዕለት ይሰረዝ ብዬ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ አፈርሁ» አለ።

አራሷ ገና ከቤታቸው ነበረችና፣ በፍልሰታ ሁሉ መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ዝናም እየወረደባቸው ቆመው ቅዳሴውን በሩቅ ይሰሙ ነበር። ይሄይስ ውስጥ ያስቀድሳል። በአንዱ ቀን ሲወጣ ሰዉ እያየው ወደ መምሬ ቀረበና ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ አባቴ» አለ።

መምሬ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። «በአንገትህ ያሰርሁብህ የለም ብለሃል፤ ምኑን እፈታልሃለሁ?»

ይሄይስ እንዳጎነበሰ ቀረ። መምሬ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ሰልማ ጡቷ አብጦ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ንግሥቴም እርጥብ ጨርቅ እየቀያየሩ ከአጠገቧ አልተነሡም።