የታጠበ ገል

ታላቅየው በዕድሜው ያልቻለው ነገር አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙ ገንዘብ ሲያገኝ ማየትን ግን መቻል አቃተው። አንድ ኩባንያ የነፋስ ተርባይን ሊተክል ያሰበው በታናሹ ማሳ ላይ ነው፤ ኪራዩም የታናሹ ነው።

«ነፋሱስ ቢሆን በእኔ ማሳ አልፎ አይደል እዚያ የሚደርሰው?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ሲያሰለች ከረመ።

ተስፋ የሰጠችው ኩባንያው የላካት የቅርስ አጥኚ ናት። ከተከላው በፊት በታረሰው መሬት ላይ እየተመላለሰች፣ የጥንት ሸክላ ገል ባገኘችበት ቦታ ትንሽ ቀይ ባንዲራ ትተክላለች። ባንዲራ የበዛበት ማሳ ይቀርና ተርባይኑ ወደ ጎረቤት ይዛወራል። ጎረቤቱ ደግሞ እሱ ነው።

የእሱን ማሳ ጫር ካደረጉት ገል አያጣም። ስለዚህ ዶማውን አንስቶ ጥጉን ሲቆፍር ሰነበተ። የለቀመውን በጆንያ አምጥቶ ጓሮ ተቀመጠና በሳሙና ይፈትገው ጀመር።

«ሸሚዝህን እንኳ እንዲህ አጥበህ አታውቅ!» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ። ጭቃ የለበሰ ገል ማን ያየዋል?»

ጎህ ሲቀድ በወንድሙ ማሳ ላይ በተነው።

አጥኚዋ መጣች፤ ወንድማማቾቹም ተከተሏት። አንዱን አነሳች፤ አገላበጠች፤ አሸተተች።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ እዚህ ዕቃ ያጥባል እንዴ?»

«ምነው ልጄ?»

«ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«ዝናብ ነዋ!»

«ሎሚ ሎሚ የሚል ዝናብ?»

ታናሹ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን የገሉን እጀታ በጥፍሯ ፈልፍላ ቀይ አፈር አወጣች። የቆሙበት ማሳ ጥቁር ነው። ቀና ብላ ከወሰኑ ባሻገር ያለውን ቀይ ማሳ አየች።

«ያንን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?»

«ፍልፈል ነው» አለ ታላቅየው።

«ፍልፈሉ ዶማውን ረስቶ ሄዷል።»

ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ታላቅየው ገል ሲያሳድድ የጥንት ግድግዳ ገልጦ ኖሯል።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ይህ ማሳ ይከለላል። ተርባይን ቀርቶ ዶማም ያለ ፈቃድ አይገባበትም።»

ባንዲራዎቿን ሁሉ እዚያው ጨረሰቻቸው።

ተርባይኑ በታናሹ ማሳ ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ የክንፉ ጥላ ወሰኑን ተሻግሮ፣ ባንዲራዎቹን አልፎ፣ እስከ ታላቅየው በረንዳ ድረስ ይመጣል። ጥላው ፊቱን በዳሰሰው ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ነፋሱ በእኛ ማሳ አይደል የሚያልፈው?» አለች ሚስቱ ከውስጥ። «ለምን አታስቆመውም?»