የተሻጋሪዋ ወንበር

የሶፋ ሰሪው ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ዝግ፣ ለወዳጅ ክፍት ነው። የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ የገባ ሁሉ የቤቱ ሰው ነው። መቀመጫውን ግን ዕድሉ ይመርጥለታል። አንዱ ቅዳሜ ገና ላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ ሶፋ ላይ እንደ ንጉሥ ይንፈላሰሳል፤ በሚቀጥለው ስፖንጁ የተገፈፈ ወንበር ይደርሰውና ሞላው እየወጋው ያመሻል።

በመካከል ግን የማይሸጥ የማይለወጥ አንድ ወንበር አለ። ጀርባው ከፍ ያለ፣ ቆዳው ጥቁር ሰማያዊ፣ በግራ መደገፊያው ላይ ምንም የማያዙ ክብ ክብ ቁልፎች የተደረደሩበት። የተሻጋሪዋ ካፒቴን ወንበር ነው።

ተሻጋሪዋ በከዋክብት መካከል የምትጓዝ መርከብ ናት፤ በቴሌቪዥን ሦስት ዘመን የኖረች። የፊተኛዋ የመጣችው ሶፋ ሰሪው ልጅ ሳለ ነው። ግድግዳዋ ካርቶን፣ የሩቅ ዓለማት ቋጥኞቿ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነበሩ። ሶፋ ሰሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከማንም በላይም ይወደዋል። ካፒቴኑ «ክፈቱ፣ እንሻገር!» ሲል ካርቶኑን የሚያይ ዓይን አልነበረም። መካከለኛዋ ከብዙ ዓመት በኋላ መጣች። እሷ እምብዛም አትበርም፤ በከዋክብት ወደብ ቆማ፣ ትናንት ሲዋጉ የነበሩ ሕዝቦች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተነጋግረው እስኪስማሙ ትጠብቃቸዋለች። የኋለኛዋ የአሁኗ ናት። እሷ ደግሞ ከሄደችው መርከብ ይልቅ መሬት ላይ የቀሩትን ታሳያለች። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም የሚያምኑት አንድ ነው፤ ለሰው ልጅ መልካሙ ቀን ገና ከፊቱ ነው ይላሉ።

የቅዳሜው ማኅበር ሰዎች አራት ናቸው። ሶፋ ሰሪው የፊተኛዋ ጠበቃ ነው። በድንገተኛ ክፍል የምትሠራው ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ የመካከለኛዋ ናት። የከተማ አውቶብስ የሚነዳው ሾፌር እንደ ነፋሱ ነው፤ የተሸነፈ ከመሰለው ወገን ይቆማል። አራተኛዋ የሶፋ ሰሪው ትንሿ ልጅ ናት። ፊዚክስ ተምራ ተመርቃለች፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ዛሬም ሚጡ ናት።

ሚጡ የምትወደው የኋለኛዋን ነው። ይህን ግን በግልጽ ተናግራ አታውቅም። ቃል ከአፏ የሚወጣው እንደ እሾህ ተነቅሎ ነው፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስላል። ዕዳዋ የማኅበሩ ደንብ ነው። በተሻጋሪዋ ላይ የመርከቧ ሰዎች ሲመክሩ ንግግር ከታናሽ ይጀመራል፤ ታናሹ የታላላቆቹን ፊት አይቶ ሐሳቡን እንዳያጥፍ። ማኅበርተኞቹም ደንቡን እንዳለ ወሰዱት፤ የራሳቸውንም ጨመሩበት። ታናሽ ይጀምራል። የሚናገር ሰው የካፒቴኑ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንዷን ዘመን ሳያመሰግን የነቀፈ ደግሞ ተነስቶ ለሁሉም ሻይ ያፈላል።

ስለዚህ ሚጡ በየቅዳሜው ቀድማ ትቀመጣለች፤ «ሦስቱም ጥሩ ናቸው» ትላለች፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ትነሳለች።

የዛሬው ቅዳሜ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደውሎላት ነበር። የባሕርን ሙቀት እየለካች ከውቅያኖስ ውቅያኖስ የምትዞር አንዲት የጥናት መርከብ ለመሣሪያዎቿ ባለሙያ ትፈልጋለች። ሥራው ያንቺ ነው፤ መልስሽን እስከ ሰኞ አሳውቂን ብለዋታል። የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። አባቷ አልሰማም።

እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ ሁለት ሴት ልጆች ይዞ ነበር የቀረው። ታላቋ ሩቅ አገር ሄደች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ አሁን ሲመቻት። ሶፋ ሰሪው ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይተነፍስም። ብቻ የሱቁ ስልክ ሲጮህ መዶሻው አየር ላይ ቀጥ ይላል፤ ደንበኛ መሆኑን ሲሰማ ይወርዳል። ሚጡ ያ መዶሻ ሲቆምና ሲወርድ እያየች ነው ያደገችው። ሐሙስና ዓርብ ልትነግረው አፏን በከፈተች ቁጥር መዶሻው ይታያታል።

የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው ሲስተር ናት።

«ሱቁ በእሳት ቢያያዝና ከሦስቱ አንዷን ብቻ ማውጣት ብንችል፣ የትኛዋን እናወጣለን?»

«ምን በወጣው ሱቄ!» አለ ሶፋ ሰሪው። «ስፖንጅ በተከመረበት ቤት ስለ እሳት ይወራል?»

«ለምሳሌ ነው እኮ ጋሼ።»

«ምሳሌሽን እዚያው ሆስፒታልሽ ውስጥ አቃጥይ።»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከሥሩ ያለው ሞላም አብሮት ጮኸ። «ሚጡ፣ ነይ ወደ ዙፋንሽ። ‹ሦስቱም ጥሩ ናቸው› በይና እንገላገል።»

ሚጡ ተቀመጠች። እጇ እንደ ልማዷ በግራ በኩል ያሉት ቁልፎች ላይ አረፈ።

ቁልፎቹ በግራ መሆናቸው ስህተት ነው። ሶፋ ሰሪው በልጅነቱ የፊተኛዋን ያያት ፀጉር ቤት ውስጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ ከበሩ አልፈው እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆመው፣ ፊት ለፊት ባለው በትልቁ መስታወት ውስጥ ያዩ ነበር። ተሻጋሪዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወደዳት ግራና ቀኟ ተገልብጦ ነው። ባለሙያ ከሆነ በኋላ ወንበሩን ከትዝታው ሠራው። ሲስተር መጀመሪያ የመጣች ዕለት ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ቁልፎቹ በቀኝ አልነበሩም እንዴ?» አለች። ካሴት አስገብተው አዩ፤ በቀኝ ነበሩ። ሶፋ ሰሪው ያን ዕለት እህል አልቀመሰም ይባላል። ነቅሎ ያስተካክለዋል ሲሉ ግን አልነካውም። «መቼ ነው የሚያዛውሩት?» ባሉት ቁጥር «ጊዜ አጣሁ» ይላል፤ ለደንበኛ አንድ ስፌት ቢጣመምበት ሙሉውን ፈትቶ እንደገና የሚሰፋው ሰውዬ።

«የኋለኛዋን» አለች ሚጡ።

ሾፌሩ ሳቁን ዋጠ። «ምን አልሽ?»

«እኔ የኋለኛዋን አወጣለሁ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «የፊተኛዋ መሄድን አስተማረችን። እሷ ባትኖር ሌሎቹም የሉም። መካከለኛዋ ደግሞ ከደረስን በኋላ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር አሳየችን። የኋለኛዋ ውስጥ ግን ያቺ አሮጊት አለች፤ አንቴናው ሥር የምትቀመጠው፣ የሬዲዮ ሠራተኛዋ። በየምሽቱ ለመርከቧ የቀኑን ወሬ ትልካለች። ዝናብ ዘነበ፣ የጎረቤት በር ቀለም ተቀባ፤ እንዲህ ያለ ወሬ። መርከቧ እጅግ ርቃለችና መልሱ ሲመጣ በሕይወት እንደማትኖር ታውቃለች። ድምጿ ግን አንድ ቀን እንኳ አይከፋም። ለእኔ . . . ለእኔ ከካፒቴኑ እኩል ጀግና ናት።»

ሚጡ ይህን ያህል ስትናገር ማኅበሩ ሰምቶ አያውቅም። ሲስተር ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። ሶፋ ሰሪው ግን መታገሥ አልቻለም።

«ኧረ ባክሽ! መርከብ የማይበርበት የመርከብ ፊልም! አንዲት ሴትዮ ሬዲዮ ላይ ተደፍታ ስትለፈልፍ . . .»

«ሻይ!» ሾፌሩ ብድግ አለ። «ሳያመሰግኑ ነቀፉ! ሲስተር፣ ሰምተሻል?»

«በሁለት ጆሮዬ።»

«ጋሼ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ ያወጡትም እርስዎ ነዎት። ማንቆርቆሪያውን ይጣዱ። የእኔ ስኳሩ በዛ ይበል።»

«ያንተን ስኳርስ ሲስተር ለክታ ትንገረን» አለ ሶፋ ሰሪው፤ ግን ተሸንፏልና ተነሳ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከጥጉ ካለው ቧንቧ ፊት ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ትከሻው ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነበር።

ሚጡ ጀርባውን አየች። ፊቱን ስታይ የሚጠፋባት ቃል ጀርባውን ስታይ መጣላት።

«አባዬ፣ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«እሰይ!» አለ ሳይዞር፣ ቧንቧውን እየከፈተ። «እሰይ የእኔ ልጅ! የት?»

«መርከብ ላይ።»

ሾፌሩ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

«የእውነት መርከብ፤ የባሕር። ሁለት ዓመት ነው። እስከ ሰኞ መልስ እንፈልጋለን ብለውኛል . . . አንተ እሺ ካላልከኝ አልሄድም።»

ውሃው ማንቆርቆሪያውን ሞላ፤ ፈሰሰ፤ ጫማው ላይ ወረደ። ሶፋ ሰሪው አላወቀውም። ሲስተር ተነስታ ቧንቧውን ዘጋች፣ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ተቀብላ ጣደችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አንቺ እኮ» አለ ሾፌሩ፤ ዝምታ የሚያስፈራው ሰው ነውና፣ «አንቺ እኮ በእኔ አውቶብስ ሦስት ፌርማታ ሳትሄጂ የሚያስመልስሽ ልጅ ነሽ። ውቅያኖስ?»

«ለእሱስ መድኃኒት አለው» አለች ሲስተር። «መድኃኒት የሌለው ላንተ ምላስ ነው። ይልቅ ተራህ ነው፤ ተቀመጥና ተናገር። ታላቅ በመጨረሻ ነው የሚናገረው፤ ጋሼ እስከዚያ ያስቡበት።»

ሾፌሩ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አላሾፈም። «እኔ ዛሬ የፊተኛዋን ልደግፍ ነበር የመጣሁት። ያቺ ‹እንሻገር!› የምትለዋ ቃል፣ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ሁልጊዜ በልቤ አለች። ግን ሚጡ ልክ ናት። ሾፌር የተሳፈረውን ዞር ብሎ ያየዋል። ፌርማታው ላይ እጁን እያወዛወዘ የሚቀረውን ግን በመስታወት ነው የሚያየው፤ ያውም እያነሰ እያነሰ ሲሄድ። እሱን የሚያሳይ ፊልም መሥራት ቀላል አይደለም።»

ሲስተር ተተካች። «እኔ ከመካከለኛዋ ንቅንቅ አልልም። እዚያ ቢያኮርፉም፣ ቢጯጯሁም፣ እስኪነጋገሩ ድረስ ከጠረጴዛው የሚነሳ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የማየው፣ ሳይነጋገሩ ቆይተው የሚመጡ ቤተሰቦችን ነው።» ይህን ስትል ወደ ሶፋ ሰሪው አላየችም፤ አለማየቷን ግን ሁሉም አየው።

ተራው የሶፋ ሰሪው ሆነ። እጁን በቁራጭ ጨርቅ እየጠረገ መጣ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«አሳዩኝ» አለ። «ያቺን ሴትዮ።»

«አላዩዋትም እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ሁለት ክፍል አይቼ ነው የተውኩት። መርከቧ አልበር ስትለኝ።»

«ጋሼ! አምስት ዓመት ሙሉ ሲያሟት!»

«በስሚ ስሚ ነዋ።»

ሚጡ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አሮጊቷ ወደ ጠባቧ ክፍሏ ገባች፤ ሹራቧን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሽበቷ ላይ አስተካከለች። ከመስኮቱ ውጭ አንቴናው ወደ ባዶ ሰማይ ቀና ብሏል። «ተሻጋሪዋ፣ ተሻጋሪዋ፤ መሬት ነኝ» አለች። የመንገዱ መብራት እንደተጠገነ ነገረቻቸው። አንዲት ሕፃን ቆማ መሄድ እንደጀመረች፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ እንደወደቀች፣ ወድቃም እንደሳቀች ነገረቻቸው። ሙዚቃ የለም፤ ብልጭታ የለም። በመጨረሻ፣ «ነገም አለሁ» ብላ ማዳመጫውን አወለቀች። ከጥጉ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል።

ሶፋ ሰሪው ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር።

«ወንበሯ መጥፎ ነው» አለ። «ዕድሜ ልኳን በዚያ ተቀምጣ ወገቧ እንዴት ቻለ?»

ከዚያ ወደ ሚጡ ዞረ።

«በየምሽቱ ነው የምታወራላቸው?»

«በየምሽቱ» አለች ሚጡ።

«እነሱ ሳይጠሯት?»

«ሳይጠሯት።»

ሶፋ ሰሪው ጨርቁን አጠፈ፤ ፈታው፤ እንደገና አጠፈው። «ለእህትሽም እኮ እኔው መደወል እችል ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሁልጊዜ እስኪጮህ ነው የጠበቅኩት።» ከዚያ ቀና አለና፣ «እኔ በየምሽቱ የሚሆን ወሬ የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እነዚህ ሲሰበሰቡ፣ ከዚህ እደውላለሁ። ብታነሺም ባታነሺም።»

«አነሳለሁ።»

«ባሕር ላይ ነሽ፤ ላታነሺ ትችያለሽ። እኔ ግን እደውላለሁ። አሁን እዚህ ተቀመጪ።»

ሚጡ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሶፋ ሰሪው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደ፤ ለደንበኛ እንደሚያደርገው ተንበርክኮ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ዳሌዋ ለካ። ቁጥሩን በከንፈሩ ብቻ ያነበንባል። ቀና ሲል ግራ እጇን ቁልፎቹ ላይ አየው፤ ዓይኑ እዚያ ቆየ።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው ወደ ቀኝ ያላዛወርከው?»

«ግራኝ ነሽ» አለ። «እግርሽ መሬት ሳይነካ እዚህ ትወጪና በግራሽ ትነጂያት ነበር። ሲስተር መጥታ ስህተቴን ስታወጣው፣ ነቅዬ ወደዚያ ባሻግረው አንቺ በምን ልትነጂ ነው?»

ሲስተር ፊቷን ወደ መዝጊያው አዞረች።

«የመርከብ ወንበር ብረት ነው የሚሆነው» አለ ሶፋ ሰሪው ሜትሩን ወደ ትከሻዋ እየሳበ። «ትራስ ይፈልጋል፤ ለመቀመጫም ለጀርባም። ውሃ የማያስገባ ቆዳ አለኝ።»

«እሺ ማለትህ ነው?»

«ወሬ ተይና ቀጥ በይ፤ ልኩ ይዛባብኛል።»

«ጋሼ፣ ሻዩስ?» አለ ሾፌሩ ከጥጉ።

«ልኬት ላይ ነኝ፤ ተነስተህ ቅዳ።»

ሚጡ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች።