አየር የሚስብ ፓምፕ

ወንድሜ ዌንደል ሰው አይለምንም። ስለዚህ ያን ጠዋት መጥቶ የቤቴን በር ቆርቆሮ በመዳፉ ሲደበድብ እሳት የተነሳ መስሎኝ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

«ጫማህን አድርግ» አለኝ። «ፓምፑ እምቢ ብሏል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና አድሬያለሁ።»

«ቀልድህን ተወኝ ሌስ። ይጮሃል እንጂ ውሃ አያመጣም። ኮሪን ደግሞ ነገ ትመጣለች።»

ኮሪን ልጁ ናት። በስልክ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ፤ ዌንደል ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚያወራው። «መጥቼ አይሃለሁ አባ። ቤትህ ውስጥ ውሃ ካለ፣ ምግብህንም በሥርዓት የምትበላ ከሆነ እስከሚመጣው ብርድ ድረስ አልነካህም። ካልሆነ ግን ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» ነው ያለችው። የምትወስደው ደግሞ ወደ ራሷ ቤት አይደለም። ሰሜን፣ አገራችን አዮዋ ውስጥ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት አልጋ ይዛለታለች። ዌንደል የዚያን ቤት ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «እዚያ» ነው የሚለው። «እዚያ ከምገባ ቁልቋሉ ሥር ቅበሩኝ» ይላል።

የምንኖረው ኳርትዝሳይት ከምትባል የበረሃ ከተማ ወጣ ብሎ ጠጠሩ ሜዳ ላይ፣ እያንዳንዳችን በየቤት መኪናችን ውስጥ ነው። በብርድ ወራት ሜዳው አልጋና ወጥ ቤት ውስጡ ባለው፣ እየነዱ በሚኖሩበት የቤት መኪና ይሞላል። ከሰሜን በረዶ የሸሸው ጡረተኛ ሁሉ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ቢራውን ይዞ፣ ስለ ልጆቹ እየዋሸ ይከርማል። ሚያዝያ ሲጋመስ ሁሉም ጎማውን ያስነፋና ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የሚቀረው መሄጃ የሌለው ነው። የእኔ መኪና ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ ዌንደል ግን በፈለገ ቀን መንዳት ይችል ነበር። ዘንድሮ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው «አገር ቤት በረዶው ገና አልለቀቀም» አለኝ። ሚያዝያ አልቆ። የስንፍና መልስ መሰለኝና አለፍኩት።

መሣሪያዬን ይዤ ተከተልኩት። እውነቱን ለመናገር ከፓምፑ ይልቅ የገረመኝ እኔን መጥራቱ ነው። ልጆች ሳለን በአባታችን ጋራዥ እሱ መኪናው ሥር ይገባል፣ እኔ መብራት እይዝለታለሁ። «ከፍ አድርግ። አሁን ዝቅ። ዓይኔ ላይ አታብራ፣ አንተ ደደብ!» ትምህርቴን ያቋረጥኩት ጋራዡ ውስጥ ቦታ አለህ ተብዬ ነው። ቦታው ያ መብራት ነበር። አባታችን ሲሞት ጋራዡ ለዌንደል ሆነ፣ ለእኔ እጅጌው የተበላ የአደን ጃኬት ደረሰኝ። ሲያገባ እንኳ ሚዜ ያደረገው አንድ የጋራዡን ደንበኛ ነው፤ እኔ ወንድሙ በር ላይ ቆሜ መኪና አስቆማለሁ። ይህን ሁሉ ረስቷል ይሉኛል። እኔ አልረሳሁም።

የዌንደል መኪና ውስጡ ምድጃ ሆኗል። የታሸገ ባቄላ ይሸታል። ዌንደል መሪው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

«ጉልበቴ አይታጠፍም እንጂ አንተን አልጠራም ነበር» አለ። «በል አንተ ሥራ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

«አብራው።»

ማብሪያውን ተጫነው። ከመቀመጫው ሥር ፓምፑ ተነሳ። ደህና ፓምፕ ቧንቧ ስትከፍት ያጉረመርማል፣ ስትዘጋው ዝም ይላል። ይሄኛው ግን ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር እየተንኳኳ ማቆሚያ አጣ። ከቧንቧው ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚወጣው።

«አጥፋው! ልታቃጥለው ነው እንዴ?» ጮኸብኝ።

«ማብሪያው እኮ አንተ እጅ ላይ ነው።»

አጠፋው። ሳቅ አለ መሰለኝ፣ ወይም ሳል ነበር።

መቀመጫውን አንስቼ በሆዴ ተኛሁ። ፓምፑ ስለሚዞር ኤሌክትሪኩን መፈተሽ አላስፈለገኝም። ግድግዳው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች የውሃው ታንከር ሙሉ ነው ይላሉ፤ እነሱን ያመነ ግን በረሃ ላይ በውሃ ጥም ይቀራል። ታንከሩን በካቻቢቴ እጀታ ከላይ ወደ ታች መታሁት። ከወገቡ በላይ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፣ ከወገቡ በታች ደነቆረ። ውሃ አለ። እንግዲህ ውሃ ካለ፣ ፓምፑም የሚዞር ከሆነ፣ ከታንከሩ እስከ ፓምፑ መካከል አየር የሚገባበት ቦታ መኖር አለበት።

«ማጣሪያውን እይ» አለ ዌንደል ከላይ። «አሸዋ ነው። ሁልጊዜ አሸዋ ነው። የቱቦውን ማሰሪያ ሳታጠብቅ ደግሞ እንዳትነሳ።»

«እያየሁ ነው።»

«አንተ እያየህ ሳለ ነው ዓለም ያለፈችህ።»

ማሰሪያዎቹ ጠብቀዋል። ማጣሪያው ከፓምፑ ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ብርሃን የምታሳልፍ ኩባያ ናት። የእጅ ባትሪዬን አበራሁባት። አሸዋ የለም። ሥሯ ላይ ሮዝ ፈሳሽ ተኝቷል።

ያን ሮዝ ፈሳሽ ከሰሜን የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ፣ ውርጭ ከመጣሉ በፊት፣ ታንከሩን ታፈስና ፓምፑ አጠገብ ያለውን ቫልቭ ታዞራለህ። ፓምፑ ከታንከሩ መሳቡን ትቶ በሌላ አጭር ቱቦ ይስባል። የዚያን ቱቦ ጫፍ ይህ የማይረጋ ሮዝ ፈሳሽ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ትነክረዋለህ። ሮዙ ቧንቧውን ሁሉ ይሞላና ውሃ በረዶ ሠርቶ እንዳያፈነዳው ይጠብቀዋል። ይህ አዮዋ ውስጥ ነው፣ በጥቅምት። እኔ የተኛሁበት ሜዳ ላይ ግን የበሩ እጀታ ከግለቱ የተነሳ በባዶ እጅ አይያዝም ነበር።

መብራቱን ወደ ቫልቩ አዞርኩት። እጀታው ወደ አጭሩ ቱቦ ተጠምዟል። ቱቦው ጀሪካን ውስጥ ገብቷል፣ ጀሪካኑ ተመጥጦ ባዶ ሆኗል። ፓምፑ ምንም አልሆነም። እንዲስብ የታዘዘውን ስቦ ጨርሶ አየር እየሳበ ነበር።

«ዌንደል፣ ሰሞኑን እዚህ ሥር ገብተህ ነበር?»

«በዚህ ጉልበቴ? ዞረብህ እንዴ?»

ከአፍንጫዬ ፊት አቧራው ላይ ሁለት ጉልበቶች የተንበረከኩበት ምልክት ነበር።  እሱ በመስኮቱ ነጩን ሜዳ እያየ ጣቶቹን ያሻሻል።

«ዛሬ ማታ ውርጭ አለ» አለ። «ጣቶቼ ቀድመው ነው የሚነግሩኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። ይኸው አየሁት። ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። የመጣብኝ ላብ ብቻ ነው።

ቫልቩን ወደ ታንከሩ መለስኩት። «አብራው» አልኩ። ፓምፑ ትንሽ አንኳኳና ድምፁ ወፈረ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ፤ መጀመሪያ ሮዝ ተፋ፣ ከዚያ ገርጣ ያለ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። ስዘጋው ፓምፑ ዝም አለ። ባዶውን ጀሪካን ከመሣሪያዬ ጋር በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ ተነሳሁ፤ ካላየው አያስበውም ብዬ ነው።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«አሸዋ።»

«አላልኩህም! ለእፍኝ አሸዋ ቀኑን ሙሉ ሆድህን ስታሽ ዋልክ።» ደረቱን ነፋ። «ሂድ በቃ። መቀመጫውን ደግሞ እንደነበረ መልሰው።»

ቀኑ ገና እኩሌታውም አልደረሰም ነበር። 

በማግስቱ ኮሪን በተከራየችው ነጭ መኪና መጣች፤ ከመንገድ የገዛችውን የዶሮ ጥብስ ይዛለች። ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሰው ስታይ ቁስል የምትፈልግ ይመስላል። ዌንደል ግን ተላጭቷል፣ ሸሚዙን ቆልፏል፣ አልጋውን እንደ ወታደር አንጥፏል። ማቀዝቀዣውን ከፍታ አየች፣ ዘጋች። እኔ ደጅ ከጥላው ሥር ወንበሬ ላይ ሆኜ በተከፈተው በር እሰማለሁ።

«ከስተሃል አባ።»

«አንቺ ወፍረሽ እኔን ከሳህ ትያለሽ?»

ሳቀች። ስትስቅ ነገሩ ያለፈ መሰለኝ። «እሺ፣ በቃ፣ እስከ ጥቅምት» አለች። ይህን ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ግን ክኒንህን አሁን ፊቴ ዋጥ። ውሃ ልስጥህ።»

ቧንቧውን ከፈተች።

ከመቀመጫው ሥር ያ ጠጠር ተንኳኳ።

ዘልዬ ገባሁ። ኮሪን ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ብርጭቆው ውስጥ ወፍራም ሮዝ ነገር ጠብ ብሏል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አየር ነው። እኔ ጀሪካኑን ወስጃለሁ። ከየት መጣ?

«እሱ ነው!» ዌንደል ጣቱን ቀሰረብኝ። «ትናንት ገብቶ የነካካው እሱ ነው! አትንካ እያልኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ የነካው ነገር ሁሉ ይበላሻል፣ አባታችንም ያውቅ ነበር!»

 አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ቫልቩን አዙሮ የሚረሳው ማን እንደሆነ ብናገር ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጊዜ ከላዬ አወርደው ነበር። ዌንደልን አየሁት። የሸሚዙ ቁልፎች አንድ ቀዳዳ ዘለው ነው የተቆለፉት፤ ከደጅ ሆኜ አላየሁትም ነበር።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ኮሪን መቀመጫውን አንስታ ተንበረከከች፤ በስልኳ አበራች። ልጅ ሳለች ጥቅምት በመጣ ቁጥር ያን ቫልቭ የምታዞረው እሷ ነበረች፣ እጇ ጠባቡ ቦታ ይገባል ተብሎ። ቫልቩ ወደ አጭሩ ቱቦ ተመልሷል። የቱቦው ጫፍ የተነከረው ሾርባ መጠጫ ሳህን ውስጥ ነው። ከሳህኑ አጠገብ አባቷ ለጨጓራው የሚጠጣው ሮዝ መድኃኒት ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ተጋድሟል።

ጀሪካኑን ሲያጣው ያገኘውን ሮዝ ነገር አምጥቶ ነው።

«አጎቴ ሌስ» አለች ሳትዞር። «ይሄም አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አትዋሽልኝ።» ፊቷን ስታዞር እያለቀሰች ነበር። «አባቴ አንተን መብራት ከማስያዝ ሌላ ምን አስነክቶህ ያውቃል?»

ልትሰድበኝ ብላ አይደለም። አውቃለሁ። ግን ያ ነገር አዮዋ ድረስ፣ እሷ ድረስ መዝለቁን እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም ነበር። ለወንድሜ ስል አንድ ጊዜ ውሸት ብናገር፣ እሱ ራሱ በኖረ ዘመኑ ያደረገብኝ መጥቶ ውሸቴን አስነቃብኝ።

«ማታ ውርጭ ነው» አለ ዌንደል ከወንበሩ። ቁጣው ሁሉ ወርዶ ለእኛ የሚያዝን ይመስል ነበር። «ቧንቧው ቢፈነዳ ማን ይገዛል? ማንም አያስብም። እኔ ብቻ ነኝ የማስበው።»

ኮሪን ሄዳ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። «ልክ ነህ አባ። ስለዚህ ቶሎ እንሂድ። ሞቅ ወዳለ ቤት እንሂድ።»

«ሞቅ ወዳለ?»

«አዎ። ሞቅ ወዳለ።»

ተነሳ። ያን ያህል ወደፈራው ቦታ እንዲህ በቀላሉ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ከቁም ሳጥኑ የብርዱን ካፖርት አውጥቶ ለበሰ፣ እስከ አንገቱ ቆለፈው። ደጁ ላይ ፀሐይ ጠጠሩን ታቃጥላለች። ካፖርቱን ለብሶ ነጩ መኪና ውስጥ ሲገባ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር፣ ኮሪን የመኪናዋን አየር ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሻንጣ አልያዘም። የቤት መኪናውን ቁልፍ እሷ ሰጠችኝ።

«ሰው ልኬ መኪናውን እስካስወስድ ታንከሩን ባዶ አድርገው» አለች። «ከውሃው ጋር እንዳይከርም።»

ዌንደል መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ስሜን የሚጠራ መሰለኝ። ተጠጋሁ።

«ምንም ነገር እንዳትነካ» አለኝ።

አቧራቸው እስኪሰክን ቆሜ ገባሁ። የዶሮው ጥብስ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። መቀመጫውን አንስቼ በሆዴ ተኛሁና አበራሁ። ሳህኑን አወጣሁት፣ ጠርሙሱንም። ቫልቩ ብቻ ቀረ። በአውራ ጣቴና በአመልካቼ ያዝኩት፤ ሩብ ዙር ቢበቃው ነው። 

አላዞርኩትም። እሱ እንዳዞረው፣ ለውርጩ እንደተዘጋጀ ተውኩት። ወጥቼ ከመኪናው ሆድ ሥር የታንከሩን መክደኛ ፈታሁ፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ወረደ፣ መሬቱ ደግሞ ሩቅ ሳያስኬደው ጠጣው። እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የእጅ ባትሪዬ በዚያ ሁሉ ፀሐይ እንደበራ ነበር፤ ያየሁት ኋላ ላይ ነው።