ሰባተኛው ዓመት ሳይሞላ

እቴቴ የሕፃናት ማቆያዋን ስትዘጋ ፈቃድ ከሰጣት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሳት። የስም መጥሪያው ሦስት ዓመት፣ የአደጋ ደብተሩ ግን ሰባት ዓመት ይቀመጥ ይላል። እቴቴ ያሏት ልጆቹ ናቸው፤ በኋላ ወላጆቹም፣ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷም በዚያው ለመዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በገዛ ሳሎኗ የሰው ልጅ ስታጥብና ስታስተኛ ኖራ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ተወችው።

"ይሄን ወረቀት ጥለሽ ቁም ሳጥኑን ብትለቂልኝ ምን አለበት?" ትላታለች እህቷ። "ልጆቹ እኮ ጢም አበቀሉ!"

"ሰባት ዓመት ከተባለ ሰባት ዓመት ነው።"

ሊሞላ አምስት ወር ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ልጇ ማቆያው ሲዘጋ ሦስት ዓመቷ ነበር።

"ከባሌ ጋር እየተፋታን ነው" አለች ሳትቀመጥ። "ልጅቷን ማን ያሳድግ የሚለው ነው የቀረው። ነክቻት አላውቅም ብሎ ካደ። የአደጋ ደብተሩን ያን ገጽ ያስታውሱታል?"

እቴቴ ገና በር ላይ ስታያት አስታውሳዋለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ስትመጣ ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ሰንበር ነበር። እናትየዋ "እሱ ነው፤ ግን እንዲያ ብለው ከጻፉ ይገድለኛል" ብላ ለመነቻት። እቴቴ አንጀቷ አልችል አለ። "እናቷ ስታጥባት ከእጇ አምልጣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ወደቀች" ብላ ጻፈች። እናትየዋም ፈረመች።

"እንዲረጋጋ ብዬ የተጻፈውን ያኔውኑ ነግሬዋለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አሁን ጠበቃው ይሄን ነው የሚፈልገው። ያቃጥሉልኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?"

"ተይ፣ ተነሽ! ፈርሜ የያዝኩትን አላጠፋም። ከጠሩኝ ግን ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?"

ሴትየዋ ደህና ይዋሉም ሳትል ወጣች። እህቷ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንቺ ሴትዮ፣ ሆድሽ ከምንድን ነው የተሠራው?"

በሳምንቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። እቴቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ደብተሩን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ሄደች። ምላ ቆመች።

"ጽሑፉ የእርስዎ ነው?" አለ የባልየው ጠበቃ።

"የእኔ ነው። ግን ውሸት ነው።" ያን ሰኞ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች።

ጠበቃው አልተቆጣም። ገጾቹን ቀስ ብሎ ገለጠ። "እዚህ ሌላም ብዙ አደጋ ተጽፏል። እሱስ?"

"ሌላው ሁሉ እውነት ነው።"

"ይሄ ብቻ ውሸት። ጥሩ። ሰሞኑን እናትየዋ ቤትዎ መጥታ ነበር?"

"መጥታለች።"

"ምን ብላ?"

ልብስ ሰፊዋን አየቻት። ሴትየዋ ጭንቅላቷን በቀስታ ነቀነቀች፤ እንዳይናገሩ ማለቷ ነው። እቴቴ ግን ምላለች፤ በዚያ ላይ እውነት ከተናገሩ የሚጠቅም መስሏት ነበር።

"ያቃጥሉልኝ ብላኝ ነበር።"

ልጅቷን ዳኛው ለብቻዋ ቢጠይቋት "አላውቅም" ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። ዳኛው የእቴቴን ቃል ሳይሆን ደብተሩን አመኑ፤ ልጅቷ ለአባቷ ተወሰነች። እናትየዋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት፣ ሌላ ሰው ባለበት እንድታያት ተፈቀደላት። ፍርዱ ሲነበብ አላለቀሰችም። ዞራ እቴቴን ብቻ "ደስ አለዎት?" አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ አባትየው ዝቅ ብሎ እቴቴን በሁለት እጁ ጨበጣት።

"እግዜር ይስጥልን። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ጥሎት ነበር። እርስዎ ሥራዎን ያውቃሉ።"

እቴቴ እጇን ልታስለቅቅ ፈልጋ አቃታት። ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋ አጠገቡ ቆማለች።

"ትንሽ ሆነሽ ያሳደገችሽ ናት" አላት አባቷ። "ሳሚያት።"

ልጅቷ ፊቱን አየት አድርጋ ሮጥ ብላ መጣች፤ እቴቴን ግራና ቀኝ ሳመቻት። ከዚያም ማንም ነይ ሳይላት፣ ፈጥና ተመልሳ አጠገቡ ቀጥ ብላ ቆመች።