የኦርሊን ሱስ በእጄ ጽሑፍ

እጆቼ አብጠው ቢላ መያዝ ሲያቅታቸው የዶሮ ፋብሪካው አሰናበተኝ። እዚያ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ የእናቴ ቀለበት እንኳ ከዶሮ አንጀት ጋር እዚያው ጠፍቶብኛል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ያገኘውን አይበላም። የቀረኝ ተስፋ መንግሥት ለድሃ ምግብ መግዣ የሚሰጠው ካርድ ብቻ ነበር። ቢሮው ግን ከሃያ ዓመት በፊት በአደንዛዥ ዕፅ ተፈርዶብሻል ብሎ ከለከለኝ። ሰው ገድሎ ታስሮ የወጣው ጎረቤቴ ግን ካርድ አለው።

ዕፁ የታናሽ እህቴ የኦርሊን ነበር። ፖሊስ መኪናዬ ውስጥ ሲያገኘው እሷ የሦስት ወር ልጅ ታጠባ ስለነበር የእኔ ነው አልኩ። መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ፣ «ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ፈርሚ፣ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። ፈርሜ ቤቴ ገባሁ። ፊርማዬ የምግብ ካርድ እንደሚያስከለክለኝ ማንም ትንፍሽ አላለም። ኦርሊንን ቤተ ክርስቲያናችን አሳከማት፤ ዛሬ የመዘምራኑ መሪ ናት።

አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከሱስ ማገገሚያ የታከመ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያመጣ ይፈቀድለታል። ማገገሚያው ሄድኩ። ሐኪሟ ደሜን አየች፣ ጠየቀችኝ፣ ግራ ገባት።

«ወይዘሮ ቨርዴል፣ ከምንድን ነው የማክምዎት? ሱስ የለብዎትም፣ ኖሮብዎትም አያውቅም።»

ስለዚህ ኦርሊንን ለመንኳት። «አብረሽኝ ቢሮ ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም አይነካሽም።»

«እሺ እታለም» አለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ መጣች። ቢሮ ገብተን ጸሐፊዋ ፊት ስንቀመጥ እጄን ያዘችና፣ «እህቴ ያኔ ሱሰኛ ነበረች» አለች። «አፍራ ነው የምትክደው። እኔ ነኝ ያስታመምኳት።»

ጸሐፊዋ አዘነችልኝ። «የሱስ ታሪክዎን እዚህ ላይ ይሙሉ፤ በዚህ ማገገሚያው ይቀበልዎታል» ብላ ቅጽ ሰጠችኝና ወደ ሌላ ባለጉዳይ ዞረች።

«ምን አደረግሽኝ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ፍርዱ በስምሽ ነው፤ እውነቱ ካርድ አያሰጥሽም። በዚህኛው ትበያለሽ።»

«ያንቺም ስም መዘምራኑ ፊት አይነሳም።»

«እሱም አለ» አለች፣ ባርኔጣዋን እያስተካከለች።

መነሳት አማረኝ። ጠዋት ግን ስኳሬ ወርዶ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁ።

በስንት ዓመትዎ ጀመሩ? ይላል። ምን አውቄ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ኦርሊን።

በቀን ስንት ጊዜ?

«ሦስቴ። እማዬ ከሞተች በኋላ አምስቴም ስድስቴም።»

እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንደ ጸሎት በቃሏ ነው የምታውቀው። ለሱስዎ ሲሉ ካደረጉት የሚጸጸቱበት ምንድን ነው? የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዓይኗን ከቅጹ ላይ አነሳች።

«በይ እንጂ» አልኳት።

ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ አየች። «የእማዬን ቀለበት ሸጥኩ።»

ያን ቀለበት ሦስት ቀን ሙሉ በፋብሪካው ቆሻሻ ውስጥ በእጄ ፈልጌዋለሁ። ኦርሊን አብራኝ ፈልጋለች፤ አቅፋኝም አልቅሳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴን በጸሎት ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

«የእናቴን ቀለበት ሸጥኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ስሜን ፈረምኩ።