ባሌ የዘለለው መስመር

ባሌ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የፈረንጅ ፊደል አይገባኝም። የስኳር ሕመሙ እግሩ ላይ ቁስል ሲያወጣበት፣ ሐኪሙ ካልተጠነቀቅን እግሩን ሊያሳጣው እንደሚችል ነግሮ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጠን። የሚያነበው እሱ፣ የማደርገው እኔ።

ሰሞኑን ግን ቁስሌን ራሴ ካላሰርኩ ብሎ ችክ አለ። ደርቋል፣ ድኗል፣ አትነካኪብኝ ይላል። አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝና ግርጌው ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። ብጠይቀው ሻይ ነው አለኝ። አይ ሰው! በእግሩ ሻይ የሚጠጣ ገና ማየቴ ነው።

ወረቀቱን አምጥቼ አንብብልኝ አልኩት። ሰባት መስመር ነው፤ ስድስቱን አነበበና አጠፈው። ጣቱን ስከተል ነበር፣ አምስተኛውን ዘሎታል። ብቆጣው እንደሚያኮርፍ ስለማውቅ፣ እንደ ተማሪ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በዘለለው መስመር ላይ የሐኪሙ ነርስ በቀይ ያሰመረችባትን ቃል ምን ማለት ናት አልኩት።

ባሌ ቃል ተጠይቆ ዝም ብሎ አያውቅም። «ኡዝ» አለ፣ ሳይወድ። ማስረዳቱን ግን እየወደደው መጣ። መፍሰስ አይደለም፣ መንጠባጠብም አይደለም፤ ወፈር ያለ ነገር ከውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው አለኝ። ከግንድ ሙጫ፣ ከተቀደደ ቱቦ የጥርስ ሳሙና። ለሰውም ይባላል፤ ኩራት ከሁለመናው የሚወጣ ሰው አለ።

«እሺ፣ አሁን ስለ ራስህ ዓረፍተ ነገር ሥራበት» አልኩት።

ተማሪዎቹን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያዛቸው። ወረቀቱን ብዙ አየው። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ በአማርኛ ደገመልኝ።

«ቁስሌ ያዣል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።»

የዘለለውንም መስመር አነበበልኝ፤ እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ኑ ነበር የሚለው። ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በላው። ታክሲ ጠርቼ ደግፌ አስገባሁት።

መንገድ ላይ በመስኮት እያየ፣ «እግሬን ከቆረጡኝ ሸክም እሆንብሻለሁ ብዬ ነው» አለኝ።

«አርባ ዓመት ሙሉ በሁለት እግርህም ሸክም ነበርክ፤ ለምጄሃለሁ» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። እኔም አለቀስኩ። ሹፌሩ ማንም ሳያዘው ፈጠን አለ።